ደጃፍ ላይ የቀሩ ሦስት ሰዎች

«ስታልከር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በቪዲዮ ካሴት ነበር፤ አየሁት ከማለት ይልቅ ጀመርኩት ማለት ሳይሻል አይቀርም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው ስለተባልኩ የጠፈር መርከብና ጨረር የሚተፋ መሣሪያ ስጠብቅ፣ ያገኘሁት ጭቃ፣ ውኃና የደከማቸው ሦስት ወንዶች ሆነ። ጥቂት ታግሼ አጠፋሁት። ሁለተኛ ያየሁት ከዓመታት በኋላ፣ እናቴን በማስታምምበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ግን ፊልሙ ካለቀም በኋላ ከመቀመጫዬ መነሣት አቃተኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አድናቆት ቢሆንም በከፊል ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃ የአንድሬይ ታርኮቭስኪ ሥራ ነው። መነሻው ወንድማማቾቹ የሶቪየት ደራስያን አርካዲና ቦሪስ ስትሩጋትስኪ በ1972 ያወጡት ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱ ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች ጥለዋቸው በሄዱ ተአምረኛ ዕቃዎች የተሞላ ሲሆን፣ ታርኮቭስኪ ያን ሁሉ ጠራርጎ አውጥቶ አንድ ክልልና አንድ ክፍል ብቻ አስቀረ። «ዞን» የሚባለው ክልል በወታደር ይጠበቃል። በውስጡ ያለው ክፍል ደግሞ የገባበትን ሰው የልቡን ምኞት ይፈጽማል ይባላል። አንድ ደራሲና አንድ ፕሮፌሰር፣ ስታልከር በሚሉት መንገድ መሪ ተመርተው ወደዚያው ይጓዛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህቺን ታሪክ ለመተረክ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ምን አስፈለገ? መልሱን ያገኘሁት ሦስቱ ሰዎች በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ወደ ዞን ሲገቡ ነው። ካሜራው ለደቂቃዎች ከፊታቸውና ከማጅራታቸው አይነቀልም። የመንኮራኩሩ ኳኳታ ቀስ በቀስ ከኤድዋርድ አርቴምዬቭ ሙዚቃ ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ በድንገት ቡናማው ሥዕል አረንጓዴ ይሆናል። ሌላ ዲሬክተር ቢሆን በአሥር ሴኮንድ «ተሻገሩ» ብሎ ይነግረን ነበር፤ ታርኮቭስኪ ግን አብረን እንድንሻገር ያደርገናል። ከተመልካቹ ትዕግሥት የጠየቀው ይህ ሰው ራሱም ትዕግሥት ተጠይቋል። ኢስቶኒያ ውስጥ በታሊን አቅራቢያ፣ በተተወ የኃይል ማመንጫ አካባቢ የቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም እጥበት ላይ በመበላሸቱ፣ ሥራውን በሌላ ካሜራማን እንደገና ለመቅረጽ ተገዷል።

የፊልሙ እሾህ ያለው «ጃርት» ስለሚባለው ሌላ መንገድ መሪ በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ነው። ጃርት በዞኑ ውስጥ ወንድሙን ለሞት ዳርጎ፣ በጸጸት ወደ ክፍሉ ገብቶ የወንድሙን ነፍስ ለመነ። ቤቱ ሲመለስ ያገኘው ግን ብዙ ገንዘብ ነበር። ክፍሉ የሚሰማው አፍ የለመነውን ሳይሆን ልብ የደበቀውን ነውና። ጃርት ይህን ሲረዳ ራሱን ሰቀለ።

ስለት ይዞ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው በሚኖርበት አገር ላደገ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለት ድምፅ አውጥተን የምንናገረው ነው። ሌላውስ? በዚያ ሌሊት እናቴ በጎኔ ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። ቀን ቀን የምለምነው ጤናዋን ነው። ነገር ግን አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ማግኘትንም እመኝ ነበር፤ እንቅልፍ የማገኘውም በሁለት መንገድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍሉ የትኛውን ይሰጠኝ ነበር? ፊልሙ ፈጣን ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ ወደ ራሴ ለማምጣት ፋታ አላገኝም ነበር። ዝግታው የተሰጠን ለዚህ ይመስለኛል።

ሰዎቹም ደጃፉ ላይ ደርሰው አይገቡም። ፕሮፌሰሩ ክፍሉን ለማፍረስ ተሸክሞት የመጣውን ቦምብ ፈታትቶ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። ሦስቱም መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ዝናብ ይጥላል፣ ያባራል።

እንከን የለውም አልልም። ደራሲው ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ራሱ የሚደሰኩረው ንግግር ይበዛል፤ ጭቃውና ውኃው አስቀድመው የተናገሩትን በቃል ይደግመዋል። ነገር ግን መጨረሻው ይክሳል። ስታልከር ቤቱ ተመልሶ፣ የሚያምን ሰው ጠፋ ብሎ ሲያለቅስ፣ ሚስቱ «እኔ አብሬህ ልሂድ?» ትለዋለች። አይሆንም ይላታል፤ ለአንቺም ባይሳካስ? ሌሎችን ወደ ተስፋ የሚመራው ሰው የገዛ ሚስቱን ለዚያ ተስፋ ማጋለጥ ይፈራል። አሊሳ ፍሬይንድሊኽ የምትጫወታት ይህች ሴት ወደ ካሜራው ዞራ፣ ከዚህ ሰው ጋር መከራ እንዳየች፣ ነገር ግን እንዳልተጸጸተች ትነግረናለች። ክፍል አላስፈለጋትም፤ የምትወደውን ታውቃለች።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ እናቴ ብርድ ልብሷን ጥላው እንደሆነ ለማየት ሄድኩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ።