«ምንም አያምም» የተባለለት የጥርስ ሥር ሕክምና

የጥርስ ሥር ሕክምና ሊደረግለት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አይዞዎት፣ ምንም አያምም» የሚል ማበረታቻ ነው። በቅን ልቦና የሚነገር መሆኑ አይካድም። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰውም ይህን መስማት ይሻል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሕክምናው ጠባይ ጋር ስለማይጣጣም ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል።

ችግሩ ከማደንዘዣው ይጀምራል። ፐልፑ ክፉኛ በተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ የመንጋጋውን ነርቭ ለማደንዘዝ የሚሰጠው መርፌ በተደጋጋሚ በቂ ሳይሆን ይቀራል። የከንፈር መደንዘዝ የጥርሱን መደንዘዝ አያረጋግጥም። እንግዲህ ሕመምተኛው «ይሰማኛል» ሲል «ከንፈርዎ ደንዝዟል፣ ሊሰማዎት አይችልም» ብሎ የሚከራከር ባለሙያ የተሳሳተው ራሱ ነው። ጥርሱን ከመክፈት በፊት በቅዝቃዜ መፈተን፣ ስሜት ካለውም በጉንጭ በኩል አርቲኬይን መጨመር ወይም በጥርሱና በአጥንቱ መካከል መውጋት ይቻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ሌላ ክልከላ ለሌለበት ሰው አስቀድሞ የሚሰጥ አይቡፕሮፌንም የመርፌውን ስኬት ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል። ታካሚው ሊያውቀው የሚገባው እጁን ቢያነሣ ሥራው እንደሚቆምና ማደንዘዣ እንደሚጨመርለት ነው። ይህ ሊጠበቅ የሚችል ቃል ነው።

ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ስላለው ሁኔታም ማስረጃው ግልጽ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ከሕክምናው በፊት ሕመም የነበረባቸው 81 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 40 በመቶ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ 11 በመቶ እንደነበሩ አስፍሯል። ቁጥሩ የሚያስፈራ አይደለም፤ «ምንም» ለሚለው ቃል ግን ቦታ አይሰጥም። ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩ መጠዝጠዙ የሚጠበቅ መሆኑ ያልተነገረው ሰው ሕክምናው እንደከሸፈ ቆጥሮ ጥርሱን ሊያስነቅል ይሄዳል፤ አለዚያም ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ይገዛል። አንቲባዮቲክ የተቆጣ ፐልፕን ሕመም አያስታግስም፤ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ እንዳይታዘዝ መክሯል። እብጠት፣ ትኩሳት፣ ለመዋጥ ወይም አፍ ለመክፈት መቸገር ሲመጣ ግን ታካሚው ዕለቱን መመለስ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል።

ሕዝቡ ሕክምናውን «ነርቭ ማስገደል» ይለዋል። ስያሜው በአርሴኒክ ፐልፕን ያደርቁ የነበሩበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ስሙ ራሱ አስፈሪ ስለሆነ ባለሙያው ለማለዘብ ቢቸኩል አያስገርምም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚታየው ሕመሙ በእርግጥ ሲጠፋ ነው። ፐልፑ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ጸጥ ይላል። ከመነሻው ስለ ሕመም ብቻ የተነገረው ሰውም ተፈወስሁ ብሎ በዚያው ይቀራል። ጊዜያዊው ሙሌት ይሸረፋል፣ ምራቅና ባክቴሪያ ወደ ቦዮቹ ይገባሉ፣ ሽፋን ያልተደረገለት መንጋጋ ጥርስም ይሰነጠቃል። ከወራት በኋላ መግል ይዞ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መንቀል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከመርፌው አስቀድሞ መነገር ያለበት ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ፣ የመጨረሻው ሙሌትና ሽፋኑ መቼ እንደሚሠራ፣ ዋጋውም በድምሩ ስንት እንደሆነ ነው።