ሉቺያኖ ቫሳሎ በሦስት ቦታ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበር። በ1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በሜዳ ላይ ቤቱ የአማካይ ቦታ ነበር፤ ሲያስፈልግ ግን ተከላካይ፣ ሲያስፈልግም አጥቂ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። ይህን «ሁለገብ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሦስቱ ቦታዎች የሚገጣጠሙበት ስፍራ ነው።

ተከላካይ ጨዋታው ከፊቱ ነው። አጥቂ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል። አማካይ ላይ ከአራቱም አቅጣጫ ይመጡበታል። ስለዚህ ኳሷ ሳትደርስ ገልመጥ ይላል፤ ሰውነቱን በከፊል ያዞራል፤ ከተጋጣሚው በራቀው እግሩ ይቀበላል። የመጀመሪያው ንክኪ ኳሷን ካራቃት ትነጠቃለች፤ እግሩ ሥር ካስቀራት ደግሞ ለመምታት ቦታ ያጣል። ትክክለኛው ርቀት አንድ እርምጃ ያህል ነው። ቦታ የሚቀያይር ተጫዋች ይህን ልክ በየጨዋታው እንደገና ያበጃል። ከኋላ ሲሰለፍ መታገሥ፣ ከፊት ሲሰለፍ መቅደም አለበት። በመተማ ሜዳ ሰው ጎድሎበት ሦስቱንም ቦታ የሸፈነ ልጅ ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

ከመተማ ድንበር ወዲያ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ካርቱም ላይ፣ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተካሂዶ ግብፅ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ሁለቱ በዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራ፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ በ75ኛው በደዊ ደገመ። ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ባለች ደቂቃ ነው፤ አቻ የሆነበት ደስታ ሳይበርድ። ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ።

አራት ጎል፣ አራት አግቢ። አንድ ሰው ላይ ያልተንጠለጠለ ቡድን ውጤቱ ይህን ይመስላል። የአምበሉ ድርሻ አንዲት ጎል ብቻ ናት፤ ግን ያለ እሷ ጭማሪው ሰዓት ራሱ አይኖርም ነበር።

ሉቺያኖ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ኖረ፤ በ87 ዓመቱ፣ መስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ።