መሠረቱ ሲታደስ
የሊኑክስ ስርጭት የሆነው የሴንትኦኤስ ማኅበረሰብ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች የዘረጋው የኮንቴይነር ፓይፕላይን ብዙ የሚደነቅ ነገር ነበረው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን «ዲፔንድስ-ኦን» የምትለዋን አንዲት መስመር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ፕሮግራመሩ ዶከርፋይሉን ጊት ላይ ያስቀምጥና ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው ማውጫ አጭር የያምል ጽሑፍ በፑል ሪኩዌስት ይልካል። ኮዱ የት እንዳለ፣ የትኛው ብራንች እንደሚገነባ፣ ኢሜጁ ምን ታግ እንደሚይዝ፣ ውጤቱ በየትኛው ኢሜይል እንደሚላክ ይጽፋል፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሰርቨር መከራየት የለም። ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ፓይፕላይኑ ራሱ ገንብቶ፣ ፈትሾ፣ ሬጅስትሪው ላይ ያደርሰው ነበር።

በዚሁ የያምል ጽሑፍ ውስጥ የምትገባው ዲፔንድስ-ኦን ኢሜጁ የቆመበትን መሠረት ኢሜጅ ትጠቅስ ነበር። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ኮንቴይነር ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ኢሜጅ አንዴ ከተገነባ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ኦፕንኤስኤስኤል፣ በነበረበት ይቀራል። የደኅንነት ቀዳዳው በሊኑክስ ስርጭቱ ውስጥ ቢደፈንም ማስተካከያው ኢሜጁ ውስጥ አይደርስም፤ ኢሜጁ እንደገና መገንባት አለበት። በዚህ ፓይፕላይን ግን መሠረቱ ሲታደስ በላዩ የቆሙት ሁሉ ተከትለው ይታደሱ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ወሬውን ባይሰሙም። ብቻውን፣ ያለ ደመወዝ አንድ ፕሮጀክት ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ደግነት አላውቅም።

የፓይፕላይኑ ስካነሮችም የአርፒኤም ጥቅሎችን ብቻ አይተው አያልፉም ነበር። በፒፕ፣ በኤንፒኤምና በጄም የገቡትንም ፈትሸው፣ ማሻሻያ የሚጠብቀውን ነቅሰው ለባለቤቱ በኢሜይል ይልኩ ነበር።