ነጻ ስለሚባለው ቴሌቪዥን

«ቴሌቪዥን ነጻ ነው» የሚለው አነጋገር በጓደኞቻችን መካከል እንደ ተራ እውነት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ዲሽና ሪሲቨር አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ የቀረውን ባለማስታወቂያው ይችለዋል ይባላል። እኛ ግን ይህን አሳብ ሳንመረምር ልናልፈው አንወድም። ባለማስታወቂያው የከፈለውን ገንዘብ ከሳሙናውና ከዘይቱ ዋጋ ላይ መልሶ ያገኘዋል፤ ሳሙና የሚገዛው ደግሞ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ብቻ አይደለም። መብራት ያልገባለት ገበሬ በገበያ ቀን አንድ ሳሙና በገዛ ቁጥር ለከተሜው ድራማ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል ማለት ነው።

ይህን ማለታችን የአየር ሥርጭትን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ጣቢያ ሥርጭቱን ከላከ በኋላ ሺህ ቤት ቢከፍተው፣ ሚሊዮን ቤት ቢከፍተው የሥርጭቱ ወጪ ያው ነው። በስልክ የሚታየው ግን እንዲህ አይደለም፤ ተመልካቹ ባየ መጠን የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ወደ ዩቲዩብ ቢዛወር ነገሩ ያበቃል የሚሉት ሰዎች ሒሳቡን ከደኻው ኪስ አንጻር አላዩትም። የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት በተዛወሩ ጊዜ ወደ ምዕራብ ያዘነበለውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ ለማዞር ስንቱ ሰው ጣራ ላይ እንደ ወጣ እናስታውሳለን። ሰው ለማይረባው ነገር ጣራ አይወጣም።

ነቀፌታችን በገንዘቡ አመጣጥ ላይ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት ቴሌቪዥን ለብዙ ዘመን ብቻውን ነበር፤ በኋላ የግል ጣቢያዎች ተጨመሩ፤ በ2008 ዓ.ም. የመጣው ቃናም የቱርኩን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ብዙ ተመልካች ሳበ። ይሁን እንጂ የአየር ሰዓት መሸጥ የሚባለው ልማድ አልቀረም። አዘጋጁ ሰዓቱን ከጣቢያው ይገዛና ስፖንሰር ፍለጋ በየቢሮው ይዞራል። እንግዲህ ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው የጣቢያው አዘጋጅ መሆኑ ቀርቶ የድርጅቱ የገበያ ክፍል ኀላፊ ሆነ ማለት ነው። የታዋቂ ሰው ሠርግ ስፖንሰር አያጣም፤ ከብት ስለሚፈጀው አባ ሰንጋ የሚናገር ዝግጅት ግን ማንን ያስከፍላል? (የምስጋናው ዝርዝር ከዝግጅቱ ረዘመ ብለን የሣቅንበት ምሽትም አለ።)

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ የጣቢያዎቹ ሰዎች አጉረመረሙ። እገዳውን እንደግፋለን። ነገር ግን ስንቱ ዝግጅት በቢራ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር እንደ ነበረ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እንግዲያው መንግሥት ይክፈል ይላሉ። የሚከፍል እንደሚያዝዝ ግን ማንም የሚያውቀው ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ሕግ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር፦ ባለማስታወቂያው በዝግጅት መካከል ቦታ ይግዛ እንጂ ዝግጅቱን ራሱን አይግዛ አለ። በአጠገቡም ቢቢሲ ከተመልካች በሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ ይሠራ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1962 የፒልኪንግተን ኮሚቴ የማስታወቂያውን ጣቢያ ክፉኛ ነቅፎታልና፣ ሕጉ ብቻውን በቂ ነበር አንልም።

በኛ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ባለማስታወቂያው ዛሬ ወደ ፌስቡክና ወደ ቲክቶክ እየሄደ ሳለ በቀረው ላይ ጥብቅ ሕግ ቢጣልበት ጨርሶ ይሸሻል ይባላል። ምናልባት ይሸሽ ይሆናል። እንዲህም ቢሆን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ከተከራየ ጣቢያ ይልቅ በቀን ስድስት ሰዓት በራሱ አሳብ የሚሠራውን እንመርጣለን። እስከዚያው ድረስ ግን ሰዓቱን ማን በስንት ብር እንደ ገዛው ከዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ይውጣ።