ማንጎልድ ጎመን አይደለም

እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድ ከተማ፣ በብዙ የአበሻ ቤት «ጎመን» ተብሎ የሚቀርበው ማንጎልድ ነው። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ በየሱፐሩ በእስር በእስር ይሸጣል፣ ከሩቅ ሲያዩት ጎመን ይመስላል። ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። እናቶቻችን ጎንደር ላይ ጎመን በሚሠሩበት አሠራር ውኃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ብዙ ካንተከተካችሁት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጭቃ ይሆናል። ከዚያ «የዚህ አገር ጎመን ጣዕም የለውም» ይባላል። እኔ አገሩን አልወቅስም። የተሳሳተው ተክሉ ነው።

ማንጎልድ አዲስ አበባ ላይ ቆስጣ የሚባለው ነው። እዚያ ባለጉሊቷ ቆስጣውን ለብቻ፣ ጎመኑን ለብቻ ደርድራ ትሸጣለች፤ ገዢውም አያምታታቸውም። ቆስጣ የከተማ አትክልት ስለሆነ ከገጠር ቀጥታ ወደ እስራኤል የመጣ ሰው ባይለየው አይፈረድበትም። ዝምድናው ግን ከቀይ ሥርና ከስፒናች ጋር ነው፤ ከጎመን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የአበሻ ጎመን የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ነው። የሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። ናጋሃሩ ኡ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ጃፓን ውስጥ ባሳተመው ጥናት ይህ ተክል የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የወለዱት መሆኑን አሳይቷል። ለወጥ ሠሪ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። የቅጠሉ ውፍረትና አፍንጫ የሚነካው ምሬቱ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፤ እዚህ አገር የት እንደምንፈልገውም ይጠቁመናል። ኮልራቢ፣ አበባ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ሁሉም የዚያው የጥቅል ጎመን ወገን ናቸው። እስራኤል ውስጥ ኮልራቢ የሌለበት የአትክልት ሱቅ አይገኝም፤ ልጆች በጥሬው እየላጡ ይበሉታል። ቅጠሉ ግን ተቆርጦ ይጣላል። ለጎመን የሚሆነን እሱ ነው።

ኬይልም የዚሁ ዘር ነው፤ ጣዕሙም ደህና ነው። ሆኖም የተሸበሸበው ዓይነት ለማጠብ ፈተና ነው። በቅጠል ላይ ያሉ ነፍሳት አብረው እንዳይበሉ የአይሁድ የአመጋገብ ሕግ፣ ኮሸር፣ ይከለክላል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ግልጽ ነው። የጎመን ዘር ደግሞ ቅማል የሚወደው ተክል ነው፤ በተለይ ከቅጠሉ ጀርባ ይደበቃል። የኮልራቢ ቅጠል ዝርግ ስለሆነ ለዓይንም ለእጅም ይመቻል። ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነክሬ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ፊቱንም ጀርባውንም በቧንቧ ሥር አጥባለሁ። ይህን ከመክተፍ በፊት ነው የማደርገው። ከተከተፈ በኋላ የሚታጠብ ጎመን አልታጠበም።

አሁን ወደ ምድጃው። ዘንጉን ከቅጠሉ ገንጥሉ፤ አትጣሉት፣ ለብቻው በደቃቁ ይከተፋል። ውኃ በሰፊ ድስት አፍልታችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ቅጠሉን እንዳለ አስገቡትና ሳትከድኑ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቀቅሉት። እንዳለ የምለው በምክንያት ነው። የጎመን ዘር በጥሬው ሲከተፍ ውስጡ ተለያይተው የተቀመጡ ነገሮች ይገናኙና ያ የሰናፍጭ ኃይል ይነሳል። መጀመሪያ ሙቀት ካገኘው ግን ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ይሞትና ጣዕሙ ይለዝባል። ኃይሉን የሚወድ ሰው በጥሬው ይክተፈው፤ አልጣላውም። ከተቀቀለ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ አሳልፉት፣ በእጃችሁ ጨምቁት፣ ከዚያ ክተፉት።

ለ1 ኪሎ ቅጠል 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ለቀይ ወጥ እንደምናደርገው ሽንኩርቱን ካቀላነው ጣፋጭነቱ ጎመኑን ይውጠዋል። እስኪለሰልስና ብርሃን እስኪያስተላልፍ ብቻ፣ በቀስታ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላል፣ ከዚያ ዘንጉ፣ ከዚያ ቅጠሉ። አንድ የቡና ሲኒ ውኃ ጨምሩና በትንሽ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብሰል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጎመን ሲሟሽሽ ስለሚያንስ ገና በጅምሩ የቀመሱት ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል። የተሰነጠቀ ቃሪያ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ጣል አድርጉበት። ኮረሪማ የሚጨምሩ አሉ፤ ኮረሪማ ለቅቤ እንጂ ለዘይት አይሄድም ባይ ነኝ።

ማንጎልድ ሲሆን ሌላ ነው። ውኃ አይጨመርበትም፣ የራሱ ውኃ ይበቃዋል። ዘንጉ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ ቅጠሉ በላዩ ላይ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ያበቃል። ጎረቤቶቻችን ይህን ያውቁበታል። አሽዶድ የሞሮኮም የጆርጂያም ሰው የበዛባት ከተማ ናት። የሞሮኮ ሴቶች ማንጎልዱን በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በሎሚ አብስለው ለሰንበት ገበታ በቀዝቃዛው ያቀርቡታል። ጆርጂያዎቹ ቅጠሉን ቀቅለውና አጥብቀው ጨምቀው ከተፈጨ ዎልነት ጋር ያሹታል፤ ፕኻሊ ይሉታል። ሁለቱም ቅጠሉን ጎመን ሁን ብለው አያስገድዱትም።

ስለ ሎሚ ካነሳን አይቀር፤ እዚህ ሎሚ ርካሽ ነው፣ ሰውም በሁሉ ነገር ላይ ይጨምቀዋል። አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ማግኒዥየሙን ይለቅና ወደ ወይራ ቀለም ይለወጣል። ጎመኑ ራሱም ሲፈላ ጥቂት አሲድ ይለቃል፤ ሳትከድኑ ቀቅሉ ያልኩት በእንፋሎቱ እንዲወጣ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ቀለሙን ያቆየዋል፣ ቅጠሉን ግን ያልፈሰፍሰዋል፤ ቫይታሚኑንም ይጎዳል። ሎሚውን ገበታ ላይ አስቀምጡት፣ የፈለገ ይጭመቅ። በዚሁ ምክንያት ዓርብ የሠራሁትን ጎመን ፕላታ፣ ማለትም የሰንበት ምግብ ማሞቂያ፣ ላይ አላሳድረውም። ሌሊቱን በሙቀት ያደረ ጎመን ጠዋት ጎመንነቱ ያጠራጥራል። ቀዝቃዛውን በዳቦ መብላት ይሻላል።

በዘይት መሠራቱን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። ንጥር ቅቤ ያላየ ጎመን ምን ጎመን ነው ይላሉ። በኮሸር ቤት ሥጋና ቅቤ አንድ ድስት ስለማይገቡ ጎመን በሥጋ ስንሠራ የሥጋው ስብ ይበቃል። በዘይት ብቻ የተሠራው ደግሞ ፓርቬ ነው፣ ከሥጋውም ገበታ ከአይቡም ገበታ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክርስቲያኑ በጾም የሚበላውም ይኸው የዘይት ጎመን ነው።

የወቅቱ ነገር ይቀራል። ኢትዮጵያ ላይ ጎመን በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ይለመልማል፤ እዚህ በእነዚያ ወራት ጠብታ የለም፣ ሙቀቱም ጎመንን አምርሮ ቶሎ እንዲያብብ ያደርገዋል። የአሽዶድ ዝናብ የሚጥለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ኮልራቢውም ቅጠሉ የሚያምረው ያኔ ነው። የአበሻ ጎመን ዘር እጃችሁ የገባ ካላችሁ በጥቅምት ዝሩት፤ መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ኮምፖስት አብዙለት፣ ሰፊ ባልዲም ይበቃዋል። ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ እየቀነጠሳችሁ ብሉ። አንዱን ተክል ግን አትንኩት፤ በጸደይ አብቦ ዘር ይስጥ። ግማሹ ለሚመጣው ጥቅምት ይቀመጣል፣ ግማሹ ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።