ዝገቱ ይወገድ፣ ጠባሳው ይቆይ
ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች አጠባበቅ የቀረበ ሂስ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ከባድ መኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ ጭነቱን ይዞ ሲመለስ ደግሞ በዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ፍሬኑ ይግላል። ይህን መንገድ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የተመላለሰ መኪና፣ አካሉ ላይ አንዳች ነገር ሳይጻፍበት ሊቀር አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሳል። እንዲህ ያለው መኪና ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቅርስነት በሚሸጋገርበት ጊዜ፣ በአካሉ ላይ የተጻፈው ይጠበቅ ወይስ ይፋቅ?

ጉዳዩ ሲታይ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ኅብረተሰብ ያለፈ ድካሙን በምን መልክ ለልጆቹ እንደሚያስረክብ የሚወስን በመሆኑ፣ የታሪክ ባለሙያውን፣ የመምህሩንና የሠዓሊውን አስተያየት የሚሻ ጥያቄ ነው።

እንበል፣ በኮምቦልቻ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሹፌሮቻችን «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት አሮጌ ፊያት ቆሟል። ለሕዝብ እይታ እንዲቀርብ ታስቧል። ወጣቱ ላሜራ ሠሪ ስቱኮውንና የቀለም መርጫውን አሰናድቶ፣ «ጋሼ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጌ አስረክብዎታለሁ» ይላል። መኪናውን ሲነዱ የሸበቱት አዛውንትም ኮፈኑን በእጃቸው እየዳበሱ፣ «እኔ ግን ልጄ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ አላውቀውም» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም መኪናውን ይወዱታል። ወጣቱ የሚወደው ሊሆን የሚችለውን መኪና ሲሆን፣ አዛውንቱ የሚወዱት የሆነውን መኪና ነው። የሂስ ተግባር እነዚህን ሁለት ፍቅሮች መመዘን ይሆናል።

ለመመዘን ግን አስቀድሞ መኪና በዚህ ምድር ምን ሆኖ እንዳለፈ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር 1,700 ያህል ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ፋሽስቶቹ ለዚህ ጉዞ የድል ስም አወጡለት። ይሁን እንጂ ጣርማበር ላይ መንገዱ በኢትዮጵያውያን ተከላካዮች እንዲፈርስ በመደረጉ ያ ሁሉ ሞተር ቆመ፤ ወራሪውም መንገዱን ጠግኖ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ስለዚህ ሞተር በብዛት በደሴ ጎዳና የታየው በወረራ መልክ ነው ማለት ይቻላል።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። መንገዱና የመኪናው ቋንቋ ግን ቀሩ። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ፍሬን እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው ሹፌር፣ ረዳትና መካኒክ ግን በላባቸው የራሳቸው አደረጓቸው። ፊያት በ1952 እ.ኤ.አ. 682 የተባለውን ከባድ መኪና ለገበያ አወጣ። ኤንትሬ የዚሁ ዝርያ ሲሆን ስሙም ከጣሊያንኛው የፊደልና የቁጥር መጠሪያ የተወሰደ ነው። ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ አዲስ አበባው መንገድ ጋር ይገናኛል። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተቀስቅሶ የአሰብ መስመር እስከ ተቋረጠበት ጊዜ ድረስ የወደቡ ጭነት በዚህ መንገድ ያልፍ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከአሰብ ወደብ ለወሎ ሕዝብ የተነሳው የእርዳታ እህልም በከባድ መኪና ጀርባ ላይ ነበር የመጣው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ይዘን ወደዚያ ወደ ቆመው መኪና እንመለስ። የስፖንዳው ጣውላ ውስጡ ልሟል፤ ያለሰለሰው ጆንያ ነው። የጋቢናው መውጫ ብረት መሐሉ ጎድጉዷል፤ ያጎደጎደው መኪናው ዳገት ላይ በደከመ ቁጥር ታኮ ይዞ እየዘለለ የሚወርደው የረዳቱ እግር ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነው። የጣሊያን ከባድ መኪና ሠሪዎች መሪን በቀኝ የማድረግ የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የመንገዱን ጠርዝ አሻግሮ እንዲያይ ያግዘዋልና። ያ መሪ በሁለት በኩል ከሌላው ስፍራ ይልቅ አንጸባርቋል። እነዚህ ምልክቶች ጉድፍ አይደሉም። ደሞዙ በመዝገብ ይሰፍር እንደሆነ እንጂ ድካሙ የትም ያልተጻፈለት ሠራተኛ የተወው ፊርማ ናቸው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የወጣቱ ላሜራ ሠሪ ሐሳብ ድክመቱ ግልጽ ይሆናል። ስቱኮው ጎድጓዳውን ሲሞላ፣ ቀለሙ ጣውላውን ሲሸፍን የሚገኘው ውጤት መኪና የሚመስል የመኪና ሥዕል ነው። በገዳማቱና በአድባራቱ የሚገኘውን አሮጌ ዳዊት እናስብ። የብራናው ጠርዝ በስንት ትውልድ ጣት ጠቁሯል፤ በገጹ ላይ የጧፍ ጠብታ ደርቋል። ይህን ጥቁረት ፍቆ ብራናውን ነጭ ያደረገ ሰው መጽሐፉን አደሰ አይባልም፤ የጸለየበትን ሰው ከመጽሐፉ አስወጣ እንጂ። በብራና ላይ የምናውቀውን ሥርዓት በብረት ላይ የምንረሳበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሆኖም አንዱን ደንብ በሁሉም ላይ መጫንም ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለጎብኚ የቀረቡት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አውቶሞቢሎች ሲያብረቀርቁ ቢታዩ ነገሩ ሐሰት አይሆንም። የቤተ መንግሥት መኪና በአገልግሎት ዘመኑም በየጊዜው የሚወለወል ነበርና፣ ማብረቅረቁ ራሱ የሥልጣን ቋንቋ ነበር። በአንጻሩ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በተራ ቮልስዋገን ነበር። የዚያ መኪና ትርጉም ያለው በተራነቱ ውስጥ ነው። እንደ ሮልስ ሮይስ ወልውሎ በምንጣፍ ላይ የሚያቆመው ሰው ቢኖር የዚያን ቀን ትርጉም ያጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል እናሳምረው?» የሚለው አይደለም። «ይህ ነገር በሕይወት ዘመኑ ምን ነበር?» የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወገን እንለፍ። «እንዳለ ይቀመጥ፣ አንድም እጅ አይንካው» የሚለው አስተያየት በመጀመሪያ ሲሰማ ለታሪክ የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ቃል ጀርባ ብዙ ጊዜ ስንፍና ይደበቃል። ዝናብ ላይ የቆመ መኪና እንዳለ አይቆይም። በየክረምቱ ከሻንሲው ጥቂት እየተበላ፣ ጣውላው እየበሰበሰ ሄዶ በመጨረሻ በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። የረዳቱ እግር ያጎደጎደው ብረትና ካቆምነው በኋላ ዝናብ የበላው ብረት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሥራ ምስክር ነው፤ ሁለተኛው የእኛ ቸልተኝነት ምስክር ነው። ያረጀን ነገር ማክበር ማለት እርጅናን ማፋጠን ማለት አይደለም።

በቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም በ1914 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ ሲገደል የተቀመጠበት አውቶሞቢል ይገኛል። የጥይቱ ቀዳዳ እስከ ዛሬ በአካሉ ላይ ይታያል። ያ ቀዳዳ ተበይዶ ቀለም ቢቀባ መኪናው ከዘመኑ ውድ መኪናዎች አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር። በሌላ በኩል ውጭ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ ጥይትና ዝናብ የማይለዩበት ብረት ባደረገው ነበር። ጠባሳው የቆየው መኪናው በጣሪያ ሥር ስለ ተጠበቀ ነው።

የእኛ ጉዳይ ግን አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የኖረ ከባድ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቆየበት ጊዜ አጭር ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ መካኒኩ ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጥሟል፤ ባሌስትራው ሲሰበር ቀጥቅጦ ጨምሮበታል፤ ሻንሲው ሲሰነጠቅ በይዶ ብረት ደርቦበታል። ይህን ሁሉ እንደ ባዕድ ነገር ነቅሎ «ትክክለኛውን» የፋብሪካ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት፣ የቶሪኖን መሐንዲስ ለማክበር ሲባል የኮምቦልቻን መካኒክ መካድ ይሆናል። ብየዳው ሻካራ ይሁን እንጂ በጊዜው የነበረውን እጥረትና ያንን እጥረት ያሸነፈውን ብልሃት አንድ ላይ ይዟል። እንዲህ ያለው ጥገና የመኪናው ታሪክ አካል ነው።

የሚያስደንቀው የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያም ወደዚሁ ሐሳብ የሚያዘነብል መሆኑ ነው። መጠሪያውም ፊያት በ1899 እ.ኤ.አ. በተመሠረተባት ከተማ ስም «የቶሪኖ ቻርተር» ነው። ተሽከርካሪው በአገልግሎት ዘመኑ ያገኛቸው ለውጦች የታሪኩ ክፍል መሆናቸውን ይቀበላል፤ የሚደረገው ሥራ በተቻለ መጠን ጥቂት እንዲሆን፣ የሚደረገው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ፣ አዲስ የሚገባው ክፍልም ተለይቶ እንዲታወቅ ያሳስባል።

ይህን ወደ ሥራ መተርጎም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ መኪናው ከመነካቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሳ። ከዚያ የነዱት፣ የጫኑትና የጠገኑት ሰዎች በመኪናው ፊት ቆመው ይጠየቁ፤ የትኛው ጠባሳ ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ እነርሱ ካለፉ ጠባሳው ድዳ ይሆናል። ቀጥሎ ይታጠብ፣ ግን አይፋቅ። ሕይወት ያለው ዝገት ይቁም፤ የተረፈው ቀለም፣ በጋቢናው ላይ በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ ቢኖር እርሱም ጭምር፣ ባለበት ይጠበቅ። የግድ መለወጥ ያለበት ክፍል ቢገኝ አዲሱ አሮጌ መስሎ እንዲያታልል አይደረግ፤ ምልክት ይደረግበት፣ አሮጌውም አይጣል። ከሁሉ በላይ ጣሪያ ይሠራለት። የላሜራ ሠሪው ሙያም በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ አለው። እንዲያውም ስቱኮ ከመሙላት ይልቅ ዝገትን አቁሞ ጠባሳን መተው የላቀ ትዕግሥትና የላቀ እጅ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳት ለምን አስፈለገ? ደሴ ቅርስን ማጣት ምን እንደ ሆነ የምታውቅ ከተማ ስለ ሆነች ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ብዙ ቅርሶችም ጠፍተዋል። የተዘረፈው ነገር በሌላ እጅ ጠፋ ብለን እናዝናለን። በየግቢው በዝናብ የሚያልቀውና በየጋራዡ በቀለም ሥር የሚቀበረው ግን የሚጠፋው በገዛ እጃችን ነው። ለዚህኛው ሌላ ተጠያቂ የለንም።

ወደ ተነሳንበት ግቢ ተመልሰን እንደምድም። ወጣቱ የቀለም መርጫውን አስቀምጦ አዛውንቱን ቢጠይቅ፣ አዛውንቱም መኪናው በዝናብ እንዳያልቅ ሙያውን ከወጣቱ ቢጠይቁ፣ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ያን ጊዜ ከወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ በጋቢናው መውጫ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ከእርሱ በፊት አንድ ረዳት ታኮ ይዞ ሲዘል ያጎደጎደውን ስፍራ ያገኛል።