የሞቀ ቤት ርጥበት

በሚኒሶታ የቤት ማሞቂያ በመትከልና በመጠገን ሙያ የተሰማራ ሰው፣ ብርዱ በበረታ ጊዜ በየቤቱ የሚሰማው እሮሮ አንድ ዓይነት ነው፤ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የወለሉ ሳንቃ ይላቀቃል፣ ፒያኖው ቅኝቱን ይስታል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ የደጅ አየር፣ በርጥበት የጠገበ እንኳ ቢሆን፣ በሜትር ኩብ ከአንድ ግራም እምብዛም የማይበልጥ ተን ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ያው አየር በየስንጥቁ ገብቶ እስከ 21 ዲግሪ በሞቀ ጊዜ አንጻራዊ ርጥበቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል። የአክሲማሮስ (የሥነ ፍጥረት ትርጓሜ) መምህራን ለነፋስ ውዕየትንና (ሙቀትንና) ርጥበትን፣ ለእሳት ውዕየትንና ይብሰትን (ድርቀትን) ግብር አድርገው ይሰጣሉና፣ በእነርሱ ትምህርት ብንመዝነው ይህ አየር የነፋስን ጠባይ ለቆ የእሳትን ለብሷል ለማለት ያስደፍራል።

የጎደለውን ርጥበት ለመላው ቤት የሚመልሰው ሂውሚዲፋየር አሠራሩ ቀላል ነው። በማሞቂያው ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቦይ) ላይ ይገጠማል፤ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ ውሃውን በቀጭኑ በውስጡ ወዳለው ፓድ (ውሃ የሚይዝ ንጣፍ) ይለቃል፤ ከሞቀው አየር ከፊሉ በረጠበው ፓድ መካከል አልፎ ተኑን ተሸክሞ ይሠራጫል። ያልተነነው ውሃ ወደ ፍሳሽ መውረዱ ለብዙዎች ብክነት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ፓዱን የሚደፍነውን የኖራ ደለል አጥቦ የሚወስደው እርሱ ነውና ሊነቀፍ አይገባውም።

ጥበቡ ያለው በልኩ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ለጤናቸው አስበው 45 በመቶ እንዲደረግላቸው ይለምናሉ፤ እኔ ግን በደጅ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን 35፣ 18 ሲሆን 25፣ 29 ሲሆን ደግሞ 15 በመቶ ላይ እወስናለሁ፤ ልኩን የሚደነግገው የነዋሪው ምኞት ሳይሆን ከቤቱ አካል ሁሉ የቀዘቀዘው ስፍራ ነውና። በመስኮቱ ላይ የሚወርደው ጤዛ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ስለ ሆነ እንደ ቸር ምስክር እቆጥረዋለሁ፤ የሚያስፈራው ስውሩ ነው። ተኑ በመብራቱ ቀዳዳና በግድግዳው ክፍተት ሾልኮ ከኮርኒሱ በላይ ይወጣና፣ በጣሪያው ሳንቃ ሥር ውርጭ ሆኖ ለሳምንታት ይከማቻል፤ ብርዱ የረገበ ዕለት ይቀልጥና በመኝታ ቤቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰዎቹም ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያችን አፈሰሰ ብለው ይደነግጣሉ።

ስለዚህ መሣሪያውን ከመግጠሜ አስቀድሞ ወደ ጣሪያው ሥር ወጥቼ ቀዳዳዎቹን መመርመርና ማስደፈን ግዴታዬ አድርጌ ይዣለሁ፤ ደረቁ አየር የሚገባበትና ተኑ የሚያመልጥበት መንገድ ከተዘጋ በኋላ፣ ከምግብ ማብሰያው፣ ከመታጠቢያው፣ ከሰውም እስትንፋስ የሚወጣው ርጥበት ብቻውን የሚበቃው ቤት አጋጥሞኛልና፣ እንዲህ ላለው ቤት መሣሪያ አልሸጥም።